ከሞስኮ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ በወንዝ መርከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች፣ ኢትዮጵያዊ መሆናቸው በግልጽ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መርከቧ ከየት ተነሥታ፣ በየት በኩል አድርጋ፣ የት ትደርሳለች?

ከሞስኮ ሴንት ፒተርስበርግ በባቡር 650 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሳፕሳን የተባለው ፈጣን ባቡር ይህን መንገድ በአራት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። መርከቧ ግን ከሞስኮ ሰሜናዊ የወንዝ ጣቢያ ተነሥታ በሞስኮ ቦይ ወደ ቮልጋ ትወርዳለች። ከዚያም የሪቢንስክን ሰው ሠራሽ ሐይቅ አቋርጣ በሸክስና ወንዝ፣ በነጭ ሐይቅና በቮልጋ-ባልቲክ ቦይ ኦኔጋ ሐይቅ ትገባለች። ከኦኔጋ በስቪር ወንዝ ላዶጋ፣ ከላዶጋ ደግሞ በኔቫ ሴንት ፒተርስበርግ ትደርሳለች። ይህ ሁሉ ዙሪያ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አጭሩ ጉዞ አንድ ሳምንት ያህል ሲወስድ፣ በሁለቱ ከተሞች ቀናት የሚያሳድረው ረጅሙ ጉዞ ደግሞ ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ሁለቱን ከተሞች ለማየት ብቻ ከሆነ መርከብ አያስፈልግም፤ ባቡርና ሆቴል ርካሽም ምቹም ናቸው። የመርከቡ ትርጉም ያለው መሐል ላይ ነው። ስለዚህ የጉዞ መርሐ ግብር ሲመርጡ በሞስኮ ስንት ቀን እንዳለ ከመቁጠርዎ በፊት ኡግሊች፣ ጎሪትሲና ኪዢ የተባሉት ማረፊያዎች መኖራቸውን ይመልከቱ።

አሁን ባለው ሁኔታ መሄድ ይቻላል ወይ?

ይቻላል፤ ሆኖም የሚቻል ነገር ሁሉ የሚመከር አይደለም። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 በዩክሬን ላይ ጦርነት ከከፈተች ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ ወደዚያ እንዳይሄዱ በከፍተኛው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ይመክራል፤ በርካታ የአውሮፓ መንግሥታትም እንደዚሁ ያስጠነቅቃሉ። ምክሩ በወረቀት ላይ የሚቀር ብቻ አይደለም፦ መንግሥት ባስጠነቀቀበት አገር ለሚደርስ ጉዳት የማይከፍሉ የጉዞ መድን ድርጅቶች አሉና የውሉን ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ይላል። በድሮን ሥጋት ምክንያት አውሮፕላን ማረፊያዎች ለሰዓታት የሚዘጉበት፣ የስልክ ኢንተርኔትም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በጦርነቱ ሳቢያ የምዕራባውያን የመርከብ ኩባንያዎች ከሩሲያ ወንዞች ስለወጡ፣ ዛሬ ጉዞውን የሚያካሂዱት የሩሲያ ኩባንያዎች ናቸው፤ ማብራሪያውም በአብዛኛው በሩሲያኛ ነው። በድሮው ዘመን በሶቪየት ኅብረት የተማረ አጎት ወይም አክስት ያለው ሰው አብሮ ቢወስዳቸው ከማንኛውም አስጎብኚ በላይ ይጠቀማል።

ቪዛና ገንዘብን በተመለከተ ምን ማወቅ ይገባል?

የሚወስነው የመኖሪያ አገር ሳይሆን ፓስፖርቱ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዱባይም ይኑር በሪያድ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለቱሪስት ቪዛ ደግሞ ከሩሲያ ጉዞ አዘጋጅ የሚላክ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤውን አብዛኛውን ጊዜ የመርከብ ቲኬቱን የሸጠው ድርጅት ያዘጋጃል። የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ቤተ እስራኤላውያን ግን ከ2008 ጀምሮ በጸናው ስምምነት መሠረት ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ መግባት ይችላሉ።

ከሩሲያ ውጭ የወጡ የቪዛና የማስተርካርድ የባንክ ካርዶች ከማርች 2022 ጀምሮ በሩሲያ ውስጥ አይሠሩም። በመሆኑም የመርከቡ ዋጋ አስቀድሞ ተከፍሎ፣ ለቀሪው ወጪ ያልታጠፈና ያልተጻፈበት ጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ ተይዞ በባንክ ወደ ሩብል መመንዘር አለበት። ምንዛሪውን በሞስኮ ጨርሱ፤ በትንንሾቹ ማረፊያዎች ባንክ ፍለጋ የሚባክነው ሰዓት ከጉብኝቱ ላይ የሚቀነስ ነው። የሩሲያ ሲም ካርድ ለማውጣትም ከ2025 ወዲህ የውጭ ዜጎች የባዮሜትሪክ ምዝገባ ይጠየቃሉ፤ ለሁለት ሳምንት ጉዞ ድካሙን የሚያካክስ አይመስለንም።

በየትኛው ወር መሄድ ይሻላል?

ወንዞቹና ሐይቆቹ በሩሲያ የብርድ ወራት በረዶ ስለሚሆኑ መርከብ የሚጓዘው ከሜይ አንሥቶ እስከ ሴፕቴምበር ማብቂያ ወይም ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ ብቻ ነው። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ባለው ጊዜ በሴንት ፒተርስበርግ ሌሊቱ አይጨልምም፤ ይህ «ነጭ ሌሊት» የሚባለው ወቅት ሲሆን ዋጋውም ሰዉም ያኔ ይበዛል። የወባ ባይሆንም ትንኙም እንዲሁ። የሐይቆቹ ነፋስ በበጋቸውም ቢሆን ብርድ አለውና የደሴ ወይም የደብረ ብርሃን ሰው የሚለብሰውን ያህል መያዝ ይበቃል።

መርከቦቹ ምን ዓይነት ናቸው? ደህንነታቸውስ?

በዚህ መስመር የሚታዩት ባለ አራት ደርብ ትልልቅ መርከቦች በአብዛኛው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን፣ ቦይሰንበርግ በተባለች ከተማ ለሶቪየት ኅብረት የተሠሩ ናቸው። ርዝመታቸው 125 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ውስጣቸው በኋላ ታድሷል፤ የአንዳንዱ እድሳት ግን ከመጋረጃ አላለፈም፤ ስለሆነም ክፍል ከመያዝዎ በፊት የመርከቡን ስም ጠይቀው የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፎችን ይመልከቱ። በታችኛው ደርብ ያሉት ክፍሎች መስኮታቸው ክብና ትንሽ ሲሆን የሞተር ድምፅም ይሰማባቸዋል።

ስለ ደህንነት የሚጠይቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የ«ቡልጋሪያ»ን መስጠም ነው። መርከቧ በ1955 በቼኮስሎቫኪያ የተሠራች ሲሆን፣ በጁላይ 10 ቀን 2011 በታታርስታን ግዛት በኩይቢሸቭ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ በማዕበል ሰጥማ 122 ሰዎች ሞተዋል። ስትነሣ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ፣ ከሞተሮቿም አንዱ ሳይሠራ፣ ከተፈቀደላት በላይ ሰው ጭና ነበር። አደጋው የደረሰው በሌላ መስመር፣ በአነስተኛና ባረጀች መርከብ ላይ ቢሆንም የሚያስተምረው ነገር አለ፦ የመርከቡን ዕድሜና የፈቃዱን ሁኔታ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነፋስ በርትቶ ካፒቴኑ የኦኔጋን ወይም የላዶጋን ማረፊያ ሲሰርዝም ማጉረምረም አይገባም። ሁለቱ የአውሮፓ ትልቆቹ ሐይቆች ናቸውና ማዕበላቸው እንደ ባሕር ነው።

መርከብ ኮረብታ ይወጣል ሲባል ምን ማለት ነው?

ወንዞቹ በተለያየ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ መርከቧ ሩሲያውያን «ሽሉዝ» በሚሉት የመርከብ ማንሻ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፤ በስተኋላዋ በር ይዘጋል፤ ውሃ ሲሞላ ከፍ ትላለች፣ ውሃ ሲለቀቅ ዝቅ ትላለች፤ ከዚያም የፊቱ በር ተከፍቶ ትወጣለች። ከሞስኮ እስከ ቮልጋ ባለው ክፍል ብቻ ስድስት እንዲህ ያሉ ገንዳዎች አሉ። የመርከቧ ጎን ከኮንክሪቱ ግድግዳ በጥቂት ስንዝር ብቻ ስለሚርቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ተጓዡ ሁሉ ወደ ላይኛው ደርብ ወጥቶ ትንፋሹን ይዞ ያያል፤ በአራተኛው ቀን ማንም ከአልጋው አይነሣም።

ቦዩ ራሱ ግን ከብዙ ሙዚየሞች ይልቅ ብዙ ይናገራል። 128 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሞስኮ ቦይ ከ1932 እስከ 1937 በስታሊን ትእዛዝ ሲቆፈር ዋናው የሰው ጉልበት የዲሚትላግ የሥራ ካምፕ እስረኞች ነበሩ፤ አካፋና የእጅ ጋሪ ይዘው ቆፍረው ብዙዎች እዚያው ሞተዋል። ያክሮማ አጠገብ ባለው ሦስተኛው ሽሉዝ ማማዎች ላይ የኮሎምቦስን መርከብ የሚመስሉ ቅርጾች ቆመዋል፤ ቦዩ ቮልጋን በሚገናኝበት በዱብና ደግሞ የሌኒን ግዙፍ ሐውልት አለ። ትይዩው የነበረው የስታሊን ሐውልት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርሷል። የመርከቡ ድምፅ ማጉያ ስለ ሐውልቱ ቁመት በሰፊው ይናገራል፤ ስለ ቆፋሪዎቹ ግን ሁልጊዜ አይናገርም፤ ስለዚህ ይህን አስቀድሞ አውቆ መሄድ ጥሩ ነው።

በመንገድ ላይ ከውሃ መሐል ብቻውን የቆመው የደወል ግንብ ምንድን ነው?

ካሊያዚን ነው። ግንቡ በ1800 ለቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 74 ሜትር ተኩል ነው። የኡግሊች ግድብ ሲሠራ የከተማዋ አሮጌ ክፍል በውሃ ተዋጠ፤ ካቴድራሉ ፈረሰ፤ ግንቡ ቀረ። መርከቦች ፍጥነታቸውን ቀንሰው በአጠገቡ ያልፋሉ።

ከዚህ የከበደው ታሪክ ያለው ግን ምንም በማይታይበት በሪቢንስክ ሐይቅ ላይ ነው። ግድቡ በ1941 ሲዘጋ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ቀስ በቀስ ተጥለቀለቀ፤ ሞሎጋ የተባለች ጥንታዊት ከተማና በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ከነገዳሞቻቸው ከውሃው በታች ቀሩ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችም ተፈናቀሉ። ውሃው በሚጎድልባቸው ዓመታት የሞሎጋ መንገዶችና የቤት መሠረቶች ብቅ ይላሉ። ከመርከብ ላይ ሲያዩት ግን ዳርቻው የማይታይ ጸጥ ያለ ውሃ ብቻ ነው።

ኡግሊች ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

በወንዙ ዳር የቆመው፣ ቀይ ግድግዳና ሰማያዊ ጉልላት ያለው የቅዱስ ዲሚትሪ የደም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የተሠራው በ1692 ነው። የንጉሡ የኢቫን አስፈሪው ታናሽ ልጅ ዲሚትሪ በሜይ 15 ቀን 1591 (በአሮጌው አቆጣጠር) በስምንት ዓመቱ አንገቱ ላይ ተወግቶ የሞተው በዚህ ቦታ ነው። ከሞስኮ የተላከው መርማሪ ቡድን ልጁ በቢላ ሲጫወት የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት ራሱን እንደወጋ ወሰነ፤ ሕዝቡ ግን ያስገደለው በጊዜው አገሩን በተግባር ይገዛ የነበረው ቦሪስ ጎዱኖቭ ነው አለ። በዚያን ቀን ደወል ተደውሎ የከተማው ሰው ተነሣና የተጠረጠሩትን ገደለ። ቅጣቱ ለሰው ብቻ አልነበረም፦ ደወሉም ምላሱ ተቆርጦ ወደ ሳይቤሪያ፣ ወደ ቶቦልስክ ተሰደደ። የተመለሰው በ1892 ሲሆን ዛሬ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያል። የልጁ ሞት የንጉሥ ዘር እንዲቋረጥ፣ «ሞቷል ያላችሁት ዲሚትሪ እኔ ነኝ» የሚሉ አስመሳዮች እንዲነሡ፣ በመጨረሻም በ1613 የሮማኖቭ ቤት እንዲነግሥ ምክንያት ሆኗል።

ያሮስላቭልን በግማሽ ቀን ማየት ይበቃል?

ይበቃል። በ1010 በያሮስላቭ ጠቢቡ እንደተመሠረተች ይነገራል፤ የከተማዋ አሮጌ ክፍል በ2005 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጊዜ ካነሰ የነቢዩ ኤልያስን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይዩ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሣሉት የግድግዳ ሥዕሎቹ ያለ ክፍት ቦታ ከወለል እስከ ጣሪያ ይሞላሉ።

ጎሪትሲ ላይ ወርዶ ገዳም መጎብኘት ያስፈልጋል ወይ? ሌላ ገዳም አይተናል።

ያስፈልጋል። በዚህ ጉዞ አንድ ጉብኝት ብቻ ግዙ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው። ከጎሪትሲ ወደብ በአውቶቡስ አጭር መንገድ ሄዶ በ1397 በአባ ኪሪል የተመሠረተው የኪሪሎ-ቤሎዘርስኪ ገዳም ይገኛል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ቅጥሩ የገዳም ሳይሆን የጦር ምሽግ ይመስላል። የሩሲያ ነገሥታት ለጸሎትም፣ የጠሉትን ሰው ለማሰርም ይጠቀሙበት ነበር፤ ከሥልጣናቸው የወረዱት ፓትርያርክ ኒኮን እንኳ እዚህ ታስረዋል።

መርሐ ግብሩ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ እስከ ፌራፖንቶቮ ይዝለቁ። በዚያ ያለው የልደታ ለማርያም ካቴድራል ውስጥ ሠዓሊው ዲዮኒሲ ከልጆቹ ጋር በ1502 የሣላቸው ሥዕሎች፣ በኋላ ዘመን ሳይደመሰሱና ሳይቀቡ፣ እንደተሣሉ ይገኛሉ። ዩኔስኮ በ2000 መዝግቦታል። በእኛ ዘንድ ልደታ ግንቦት 1 ስትሆን በእነርሱ ሴፕቴምበር 21 (በአሮጌው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8) ነው፤ ሥዕሉ የተጠናቀቀውም በዚያው ዕለት መሆኑን ሠዓሊው በግድግዳው ላይ ጽፎ ትቷል። ቤተ ክርስቲያኑ በእርጥበት እንዳይጎዳ የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው።

የኪዢ ቤተ ክርስቲያን እውነት ያለ ምስማር የተሠራ ነው?

ግማሽ እውነት ነው። በኦኔጋ ሐይቅ ደሴት ላይ በ1714 የተሠራው ባለ 22 ጉልላት የደብረ ታቦር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ግንድ በግንድ እየተቆለፈ ያለ ምስማር የቆመ ነው፤ ጉልላቶቹን ያለበሱት የአስፐን እንጨት ቅርፊት መሰል ጠፍጣፎች ግን በምስማር የተመቱ ናቸው። ቁመቱ 37 ሜትር ነው። ኔስቶር የተባለው ጠራቢ ሥራውን ሲጨርስ «እንዲህ ያለ አልነበረም፣ የለም፣ አይኖርምም» ብሎ መጥረቢያውን ሐይቅ ውስጥ ጣለ የሚለው ግን ተረት ነው፤ አስጎብኚው ሲነግርዎ ዝም ብለው ቢሰሙ ይመረጣል።

ውስጡ ለአሥርተ ዓመታት ተዘግቶ ነበር። እድሳቱ እንደ ቤት እድሳት ከላይ አልተጀመረም፦ የላይኛው ክፍል በብረት ተይዞ በአየር ላይ እንዳለ፣ ከሥር ያለው ግንድ እየተፈታ፣ የበሰበሰው እየተተካ፣ ደርዝ በደርዝ ወደ ላይ ተወጣ፤ በ2020 ተጠናቀቀ። ነሐሴ 13 ቀን፣ እኛ ቡሄ ስንል፣ ሩሲያውያንም በዚያው ዕለት ማለትም ኦገስት 19 ደብረ ታቦርን ስለሚያከብሩ፣ የጉዞውን ቀን ከዚህ ጋር ማጋጠም የሚችል ሰው ዕድለኛ ነው። በደሴቱ ከተበጀው መንገድ ወጥቶ በሣር ውስጥ መሄድ ግን አይገባም፤ እፉኝት አለ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በአብያተ ክርስቲያናቱ መሳተፍ ይችላሉ?

መግባት፣ መጸለይና ጧፍ ማብራት ይቻላል፤ ቅዱስ ቁርባን መቀበል ግን አይቻልም። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ከ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አንድ አይደሉም። ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ ነጠላ ከያዙ በቂ ነው። ጫማ አይወለቅም፤ ይህ ለአዲስ እንግዳ ግራ የሚያጋባ ነው።

የሐዋርያት ጾም የሚፈታው በሁለቱም ዘንድ በአንድ ቀን፣ ሐምሌ 5 ማለትም ጁላይ 12 ነው፤ ፍልሰታ ግን አይገጥምም፤ የእነርሱ የሚጀምረው በኦገስት 14 ነው። በመርከቡ ላይ የጾም ምግብ ሲጠይቁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በእነርሱ ሥርዓት በአንዳንድ የጾም ቀናት ዓሣ ስለሚፈቀድ ዓሣ ሊቀርብልዎ ይችላል። ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላልና ዓሣ እንደማይበሉ አንድ በአንድ ቢነግሯቸው ይሻላል።

አረጋውያን ወላጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለእናትም ለአባትም ሻንጣ በየቀኑ የማይታሰርበት ጉዞ ዕረፍት ነው። ነገር ግን አሳንሰር የሌላቸው መርከቦች አሉ። በተጨናነቁ ወደቦችም መርከቦች ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚቆሙ፣ ከራስ መርከብ በሌላው ውስጥ አልፎ በጠባብ መሻገሪያ መውረድ ያጋጥማል። ክፍሉን በመግቢያው ደርብ ላይ መያዝ ብዙ ድካም ያስቀራል።

በሴንት ፒተርስበርግ ኢትዮጵያን የሚመለከት ነገር አለ?

አለ፤ የመርከቡ አስጎብኚ ግን ላይጠቅሰው ይችላል። በ1895 በፊታውራሪ ዳምጠው የተመራ የዳግማዊ ምኒልክ መልእክተኛ ቡድን ወደዚች ከተማ መጥቶ ነበር፤ ከዓድዋ ጥቂት ወራት በፊት መሆኑ ነው። በኔቫ ዳር ባለው የኩንስትካሜራ ሙዚየም ደግሞ ባለቅኔው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ከሐረርና ከአካባቢው የሰበሰባቸው ዕቃዎች ይገኛሉ።

በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰየመለት ባለቅኔው አሌክሳንደር ፑሽኪን፣ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ እጅ ያደገ ነው። ጋኒባል በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ የተወለደባትን ከተማ «ላጎን» ብሎ ጽፏል። ይህ በዛሬይቱ ኤርትራ ያለው ሎጎ ነው የሚሉ አሉ፤ በካሜሩን የሚገኘው ሎጎኔ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ፑሽኪን በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ የሞተበት ቤት በሞይካ ወንዝ ዳር፣ ቁጥር 12 ላይ ሲሆን ሙዚየም ሆኗል። በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀለም ዕቃ ልብ ብለው ይዩ፤ ጥቁር አፍሪካዊ ሰው የቆመበት ነው፤ ወዳጁ የሰጠው ስጦታ ነበር። ሙዚየሙ ማክሰኞ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ኤርሚታዥ የተባለው ታላቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ፤ መርከቡ በእነዚያ ቀናት የሚደርስ ከሆነ ቀኑን አስቀድመው ያስሉ።